ለ5.5 ሜትር ስቱዲዮ አንድ የፖርትሬት ሌንስ፦ 110፣ 80 ወይስ 120?

ጥያቄ — የጣና ዳር

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ውስጥ አነስተኛ የፎቶ ስቱዲዮ አለኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የምርቃት፣ የሠርግና የቤተሰብ ፎቶ ነው፤ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ልጆቻቸው ይዘዋቸው የሚመጡትን አረጋውያን አንስቼ ለግድግዳ በሚሆን መጠን ማተም ነው። ባለፈው ዓመት ለዚሁ ሥራ ስል ያገለገለ ፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 50ኤስ 2 ካሜራ ገዛሁ። አብሮት የመጣው ከ35 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚደርስ ዙም ሌንስ ሲሆን፣ ጥራቱን ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይሁን እንጂ 70 ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ከኤፍ 5.6 በላይ ስለማይከፈት በመስኮት ብርሃን ስሠራ አይኤስኦውን (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ንቁነት) ከፍ ለማድረግ እገደዳለሁ፤ ከተነሺው ጀርባ ያለው ነገርም እንደምፈልገው አይለሰልስም።

አሁን አንድ ሌንስ፣ አንድ ብቻ፣ የምገዛበት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። ለፋሲካ ከውጭ የምትመጣው እህቴ ይዛልኝ ስለምትመጣ፣ በእጄ ከገባ በኋላ አልተስማማኝም ብዬ የምመልስበት መንገድ የለኝም። የማመነታው በሦስት ሌንሶች መካከል ነው፦ ጂኤፍ 110 ሚሊሜትር ኤፍ 2፣ ጂኤፍ 80 ሚሊሜትር ኤፍ 1.7 እና ጂኤፍ 120 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ማክሮ (በጣም ቀርቦ የሚያነሣ)። የስቱዲዮዬ ርዝመት 5.5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር ነው፤ ተነሺውን ከባክግራውንዱ 1.5 ሜትር ያህል አርቄ አስቀምጣለሁ። ከዚህ በፊት ለብዙ ዓመታት በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ) ካሜራ የሠራሁት በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ስለነበር ዓይኔ የለመደው እሱን ነው። የሙያ ጓደኞቼ 110ሩ ለክፍልሽ ይረዝማል፣ 80ው ይሻልሻል ይሉኛል። ሌንሶቹን በሥራ ላይ ያያችኋቸው ሰዎች የምታውቁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ — ሜትርና ሚሊ

እህታችን፣ የጓደኞችዎን ምክር በሜትር ብንለካው ይሻላል። ክፍሉ ይጠባል ወይስ ይበቃል የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በግምት ስለሆነ፣ ሰዎች ከሚያስፈልጋቸው ይልቅ የፈሩትን የሚያስቀርላቸውን ሌንስ ይገዛሉ።

የካሜራዎ ሴንሰር 43.8 በ32.9 ሚሊሜትር ነው። የአንድን ሌንስ እይታ ከለመዱት ፉል ፍሬም ጋር ለማነጻጸር የትኩረት ርዝመቱን በ0.79 ያባዛሉ፤ በዚህ ስሌት 110ሩ 87፣ 80ው 63፣ 120ው ደግሞ 95 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ዓይንዎ የለመደው 85 እንግዲህ እዚህ የሚገኘው በ110ሩ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ከ5.5 ሜትሩ ላይ ለባክግራውንዱ የሚተዉት 1.5 ሜትር፣ ለእርስዎና ለትራይፖዱ ደግሞ ግማሽ ሜትር ሲቀነስ 3.5 ሜትር ይቀራል። ካሜራውን በቁመት አዙረው ከ3.5 ሜትር ሲያነሱ 110ሩ 135 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ስፍራ ይይዛል፤ ከራስ በላይ ትንሽ ክፍተት ቢተዉ ከራስ እስከ ጉልበት ድረስ ማለት ነው። 120ው 123 ሴንቲሜትር፣ 80ው 187 ሴንቲሜትር ይይዛል። ስለዚህ ጓደኞችዎ ቆሞ የሚነሣን ሰው ሙሉ ቁመት አስበው ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ 110ሩ በዚያ ክፍል ውስጥ ሙሉ ቁመት አይይዝም። ነገር ግን በእጅዎ ያለው ዙም 70 ላይ ሆኖ ከዚያው ቦታ 215 ሴንቲሜትር ይይዛል። ሙሉ ቁመት በስቱዲዮ ፍላሽ ሲያነሱ ደግሞ ከጫማ እስከ ራስ መሸፈኛ ሁሉም እንዲጠራ ኤፍ 8 ላይ መሥራትዎ አይቀርም፤ እዚያ ላይ የ80ው ኤፍ 1.7 ምንም አይጨምርልዎትም። በሌላ አነጋገር ጓደኞችዎ 80ውን የመከሩበት ሥራ አስቀድሞ በያዙት ሌንስ የሚሠራ ሥራ ነው።

ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የቅርብ ፎቶ ነው። የፊት ቅርጽ በፎቶ ላይ የሚለወጠው በቆምንበት ርቀት እንጂ በሌንሱ ርዝመት አይደለም፤ ሌንሱ የሚያደርገው የት እንድንቆም መገፋፋት ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ጥልቀት 12 ወይም 13 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን፣ ከ1 ሜትር ሲያነሱ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 13 በመቶ ያህል ገዝፎ ይታያል፤ ከ2 ሜትር ሲያነሱ ይህ ልዩነት በግማሽ ይቀንሳል። ራስንና የትከሻን መጀመሪያ ብቻ ለመያዝ፣ ማለትም 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ላለው ፍሬም፣ 80ው እስከ 81 ሴንቲሜትር ያስጠጋዎታል፤ 110ሩ ግን 1.1 ሜትር፣ 120ው 1.2 ሜትር ላይ ያቆምዎታል። አንዲት እናት ፊታቸው ሥር 80 ሴንቲሜትር ላይ ካሜራ ሲደገንባቸው ምን እንደሚሰማቸው እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ምርጫዬ 110ሩ ነው፤ ሙሉ ቁመቱን ለዙሙ ይተዉለት።

መልስ — አሮጌ ፊልም

ልጄ፣ ከላይ የተጻፈው ስሌት ትክክል ነው፤ ከመደምደሚያው ግን በከፊል እለያለሁ።

እኔ 25 ዓመት ያህል የሠራሁት በ6 በ6 ሴንቲሜትር የፊልም ካሜራ ነው። በዚያ ካሜራ 80 ሚሊሜትር መደበኛው ሌንስ፣ 150 ሚሊሜትር ደግሞ የፖርትሬት ሌንስ ነበር፤ ዛሬም ሚድየም ፎርማት (ከፉል ፍሬም የሚበልጥ የምስል መጠን) ሲባል ይህንኑ ቁጥር በአእምሮው ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። የዚያ ፊልም ምስል ግን 56 በ56 ሚሊሜትር ነበር፤ ያንቺ ሴንሰር በስፋት የዚያን ግማሽ አይሞላም። ከፉል ፍሬም ጋር ሲነጻጸር 1.7 እጥፍ ያህል ስፋት አለው። ስለዚህ የድሮዎቹን ፎቶዎች እያየሽ ያንኑ መለስለስ ከአዲሱ ሌንስ የምትጠብቂ ከሆነ እንዳታዝኚ አስቀድሜ ልንገርሽ።

የጀርባን መለስለስ ለመለካት ቀላል መንገድ አለ። የትኩረት ርዝመቱን ለኤፍ ቁጥሩ ስታካፍይ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ታገኛለሽ። ከተነሺው ጀርባ በጣም ርቃ ያለች የብርሃን ነጥብ በፎቶው ላይ ክብ ሆና ትታያለች፤ የዚያ ክብ ስፋት ከተነሺው ፊት ጋር ሲለካ ከቀዳዳው ስፋት ጋር እኩል ይሆናል፤ የሴንሰሩ መጠን እዚህ ውስጥ አይገባም። በዚህ መሠረት 110ሩ 55 ሚሊሜትር፣ 80ው 47 ሚሊሜትር፣ 120ው 30 ሚሊሜትር ይሰጥሻል፤ አሁን የያዝሽው ዙም 12.5 ብቻ ነው። የድሮው 85ሽ ኤፍ 1.4 ከነበረ ግን 61 ሚሊሜትር ይሰጥሽ ነበር። ጀርባ ለማለስለስ ብቻ ቢሆን ካሜራ መለወጥ አያስፈልግሽም ነበር ማለት ነው። ያንቺ ካሜራ የሚሰጥሽ ሌላ ነገር ነው፦ የጠቆረ ፊትና የነጣ ነጠላ በአንድ ፍሬም ሲገቡ የነጠላው እጥፋት ሳይነጣ፣ የጉንጩም ጥላ ሳይጠፋ የሚታይበት ሰፊ የብርሃን ደረጃ፤ እንዲሁም በግድግዳ መጠን ሲታተም የማይሰበር ዝርዝር።

ይህን ካልሁ በኋላ ወደ አረጋውያኑ ልመለስ፤ የጥያቄሽ ልብ እዚያ ያለ ይመስለኛል። 110ሩን ከ2 ሜትር በኤፍ 2 ስታነሺበት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 4.6 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሰውየው ፊታቸውን ትንሽ ዘወር ካደረጉ አንዱ ዓይናቸው ጠርቶ ሌላው ይፈዛል፤ ጆሮ፣ የጥምጥም እጥፋት፣ የሽበት ጫፍ ሁሉ ይጠፋል። ያ ውበት ለሙሽራ ይሆን ይሆናል። የሰማንያ ዓመት ፊት ግን የሚነበበው ሙሉውን ሲታይ ነው፤ ለእሱ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ያስፈልጋል፤ ጥልቀቱም ወደ 13 ወይም ወደ 18 ሴንቲሜትር ያድጋል። በዚህ አሠራር ኤፍ 2 ለምን ትከፍያለሽ? 120ው ማክሮ ኤፍ 4 ላይ እንኳ እጅግ የጠራ ነው፤ እስከ 45 ሴንቲሜትር ቀርቦ ነገሩን በሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኑ ግማሽ ያህል ያሳያል። ከፊታቸው ቀጥሎ እጃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ የያዙትን ምርኩዝ ጫፍ በአንድ ሌንስ ታነሺያለሽ፤ የእጅን ነገር ችላ የሚል ፖርትሬት አንሺ ብዙ ነገር ይቀርበታል።

ገንዘቡ ባይሞላልሽ ደግሞ ለፔንታክስ 67 የፊልም ካሜራ የተሠራው 105 ሚሊሜትር ኤፍ 2.4 ሌንስ በአዳፕተር (በማገናኛ) ያንቺ ካሜራ ላይ ይገባል። ፎከሱ በእጅ ብቻ ነው፤ ለተቀመጠ ሰው ይሆናል፤ ለሕፃን ግን አይሞከርም። ቀደምት የሆኑት ቅጂዎች ቶሪየም (ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር) ያለበት መስታወት ስላላቸው ከጊዜ ብዛት ወደ ቢጫ ያዘነብላሉ፤ ፀሐይ ላይ ማቆየት ቢጫነቱን ይቀንሰዋል።

መልስ — ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እኔ 110ሩን በጂኤፍኤክስ 100ኤስ ላይ አድርጌ የማኅበረሰባችንን ሠርጎች አነሣበታለሁ፤ የምናገረው ከክፍል ውጭ ስላለው ሥራ ነው፤ ሠርግም እንደሚያነሱ ስለገለጹ ይህ ሳይታሰብ መታለፍ የለበትም።

ካሜራዎ ከፍላሽ ጋር የሚናበብበት ከፍተኛው የሹተር (የብርሃን መዝጊያው) ፍጥነት 1/125 ሴኮንድ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100 ላይ፣ በኤፍ 2 ትክክለኛው ፍጥነት 1/6400 ሴኮንድ አካባቢ ነው፤ የካሜራዎ መካኒካል ሹተር ደግሞ ከ1/4000 አያልፍም። ስለዚህ በቀትር ሙሽሮቹን በሰፊው አፐርቸር አንስተው ፊታቸውን በፍላሽ ማብራት ከፈለጉ ብርሃኑን ወደ 6 ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልግዎታል። ሃይ ስፒድ ሲንክ (ፍላሹን ከ1/125 በላይ በሆነ ፍጥነት የሚያሠራ ዘዴ) ሌላው አማራጭ ነው፤ ነገር ግን የፍላሹን ጉልበት በእጅጉ ይበላል። ይህ ችግር የፉጂ ሌንሶች ሁሉ እንጂ የአንዱ ብቻ አይደለም። ሃሰልብላድ ኤክስ2ዲ የያዙ ባልደረቦቼ ሹተሩ በየሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ከ80 ሚሊሜትር ኤፍ 1.9 ሌንሳቸው ጋር እስከ 1/2000 ሴኮንድ ፍላሽ ይተኩሳሉ፤ እርስዎ ግን ካሜራ ስለማይለውጡ ለሌንሱ የያዙትን ገንዘብ ሲያሰሉ የጥሩ ፊልተር ዋጋ አብረው ይያዙ። 110ሩና 80ው ሁለቱም 77 ሚሊሜትር ፊልተር ይወስዳሉ፤ 120ው 72 ነው።

ከክብደት አንጻር 110ሩ 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከካሜራው ጋር ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ከጠዋት እስከ መልስ ድረስ ተሸክሞ መዋል ያደክማል፤ እኔ ትከሻዬን ካመመኝ በኋላ ሰፋ ያለ ማንገቻ ገዝቻለሁ።

እዚህ አሜሪካ ሌንስ ለቅዳሜና እሑድ ተከራይቶ መሞከር ቀላል ነው፤ እርስዎ ጋ ካልተገኘ ግን ያለ ኪራይ የሚሞክሩበት መንገድ አለ። በዙምዎ 70 ላይ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይክፈቱና ወርዱንም ቁመቱንም ወደ 64 በመቶ አሳንሰው ከመሐል ይቁረጡ፤ የሚያገኙት ፍሬም 110ሩ ከዚያው ቦታ የሚሰጥዎት ነው። ለ80ው 87.5 በመቶ፣ ለ120ው 58 በመቶ ይቁረጡ። የቆሙበት ቦታ ስላልተለወጠ የፊቱ ቅርጽም በትክክል ያ ነው፤ የማያዩት የጀርባውን መለስለስ ብቻ ነው። ቁርጡ ለ110ሩ 21 ሜጋፒክሰል ያህል ስለሚተውልዎት በደንብ ይታያል። ያለፈውን ሦስት ወር ሥራዎን እንዲህ ቢያዩት ከሁላችን ምክር የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

መልስ — የሽሮ ሜዳ

እስካሁን ለ80ው የተከራከረለት ስለሌለ አንድ ነገር ልበል፤ እኔ ይህን ሌንስ ይዤ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። የምሠራው ለሸማኔዎችና ለባህል ልብስ ነጋዴዎች ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሰው ቤት፣ ከመሸመኛው አጠገብ፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ በማይኬድበት ቦታ። ሰውዬውን ከነሥራው፣ ድሩን፣ ማጉን፣ ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን በአንድ ላይ ለመያዝ 80ው ይመቻል፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ኤፍ 1.7 ብዙ ጊዜ አድኖኛል። እርስዎ አረጋውያኑን በየቤታቸው ሄደው የማንሳት ሐሳብ ካለዎት ምርጫው ይለወጣል። በስቱዲዮ ብቻ ከሆነ ግን እኔም 80ውን አልመክርዎትም፤ እንደ 110ሩ ፈጣን የሆነ የፎከስ ሞተር የለውም፤ እንደ እርስዎ ባሉት 50 ሜጋፒክሰል ካሜራዎች ላይ ደግሞ ፎከሱን ከማግኘቱ በፊት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ተነሺው ከተንቀሳቀሰ ይዘገያል።

ሦስቱንም ሌንሶች የሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ካሜራዎ ጥቃቅን ዝርዝርን የሚያለዝብ ፊልተር በሴንሰሩ ላይ ስለሌለው፣ በደንብ የተሸመነ ሸማና ጥልፍ ላይ ሞይሬ፣ ማለትም በልብሱ ላይ የሌለ ማዕበል መሰል መስመር፣ አንዳንዴም ቀለም ያለው፣ ይፈጥራል። የመጀመሪያው የሐበሻ ቀሚስ ሥራዬ በዚህ ምክንያት ተበላሽቶብኝ ነበር፤ ያየሁትም ከታተመ በኋላ ነው። ሌንሱ በጠራ መጠን ነገሩ ይብሳል። 110ሩ ከ2 ሜትር ሲያነሱበት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ልብስ 11 ያህል ፒክሰል ይደርሰዋል፤ ከ3.5 ሜትር ግን 6 ብቻ ነው፤ ድሩ ከፒክሰሉ ጋር የሚጋጨው ራቅ ባለው ፎቶ ላይ መሆኑን ከዚህ ይረዱታል። በካሜራው ስክሪን ላይ ሳይሆን ፋይሉን በሙሉ መጠኑ ከፍተው ይመልከቱ። ካዩት ግማሽ እርምጃ ይቅረቡ ወይም ይራቁ፤ አለዚያ ተነሺዋ ትከሻዋን ጥቂት ዘወር ታድርግ፤ እስከ ኤፍ 16 ማጥበብም የጥራቱን ስለት ስለሚቀንሰው ይረዳል። የቀረውን በካፕቸር ዋን ወይም በላይትሩም (የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሞች ናቸው) ማጥፋት ይቻላል፤ ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ግን ቀለሙን ይዞት እንዳይሄድ ይጠንቀቁ፤ ሸማኔው የለፋበት ቀለም ነውና።

የጠያቂዋ መልስ — የጣና ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመቁረጡን ሙከራ ትናንት ማታ ተቀምጬ ሠራሁት። ባለፉት ወራት ያነሣኋቸውን 60 ፖርትሬቶች ወደ 64 በመቶ ስቆርጣቸው፣ 47ቱ አስቀድሜ እንዲህ ባነሣኋቸው ኖሮ የሚያሰኙ ሆነው አገኘኋቸው። የቀሩት ቤተሰብና ሙሉ ቁመት ናቸው፤ እነሱን ዙሙ ይችላቸዋል። በ58 በመቶ ስሞክረው ደግሞ ከወገብ በላይ በሚነሡት ላይ እጃቸው ከፍሬሙ መውጣት ጀመረ፤ ለማካካስ ወደ ኋላ ብል ግድግዳው ያግደኛል።

ጋሼ፣ ስለ እጅ የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ በእርግጥም ችላ ያልሁት ነገር ነው። ነገር ግን 110ሩን ወደ ኤፍ 5.6 ማጥበብ እችላለሁ፤ 120ውን ወደ ኤፍ 2 መክፈት አልችልም። የስቱዲዮዬ መስኮት ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በጣም ይደክማል፤ አረጋውያኑም ብዙ ጊዜ የሚመጡት በዚያ ሰዓት ነው፤ ፍላሽ ሲበራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። 110ሩ የሚቀርበው እስከ 90 ሴንቲሜትር ስለሆነ ለእጅ ፎቶ ይበቃኛል ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ 110ሩን መርጫለሁ። እህቴ ያገለገለ ነው የምትገዛው፤ ከመክፈሏ በፊት ምን እንድታይ ልንገራት?

መልስ — ከሲልቨር ስፕሪንግ

ካሜራ የሌላት ከሆነ ጂኤፍኤክስ ካለው ሰው ጋር ሄዳ እንድታየው ይሁን፤ ሌንሱን ካሜራ ላይ ሳያደርጉ ፎከሱንም አፐርቸሩንም መመርመር አይቻልም። መጀመሪያ በስልክ መብራት ከኋላ በኩል አሳይታ በመስታወቶቹ መካከል ሻጋታ ወይም ጭጋግ መኖሩን ትመልከት፤ ጥቂት አቧራ አያስጨንቃት። ቀጥላ በኤፍ 2 የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ቀጥ ብላ ታንሳና ፋይሉን ትላክልዎት፤ አራቱም ማዕዘኖች እኩል መጥራት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከፈዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ከቅርብ ወደ ሩቅ አሥር ጊዜ ያህል ፎከስ ታድርግ፤ ሞተሩ ሳይደናቀፍ መሄድ አለበት። የማያያዣውን ጎማ ማኅተም፣ የፊልተሩን ጥርስ፣ የፀሐይ መከላከያውን መኖር ሳታይ አትክፈል። 6 ስቶፕ የሚቀንሰውን 77 ሚሊሜትር ኤንዲ ፊልተርም በዚያው እንድትይዝልዎት ይንገሯት።